ሁለት ሻማና አንድ የማጠቢያ ተራ

ሶልቬይ ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረች። በዚህ ሁሉ ዘመን ቤቷ የገባሁት ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ቢሆን ነው። ተኳርፈን ነበር እንዳትሉ፤ አልተኳረፍንም። በከተማችን በቦሮስ ጎረቤት ማለት ደረጃ ላይ ሰላም ተባብሎ በሩን ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ሰው ነው፤ እኔም ከዚህ የበለጠ ከማንም ፈልጌ አላውቅም። ቢሆንም የእግሯን ኮቴ ከኮርኒሴ በላይ እየሰማሁ ስላረጀሁ፣ ከብዙዎቹ ዘመዶቼ ይልቅ እሷን አውቃታለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ያወቅኩትን ልንገራችሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሸሚዝ ፋብሪካ ገባች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ሰፋች። እጅጌውን ሌላ ሴት ትሰፋለች፣ ቁልፉን ሌላ፤ እሷ ኮሌታ። ፋብሪካዎቹ ሥራቸውን ጉልበት ወደሚረክስበት አገር አሻግረው ሲዘጉ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች፤ ለአራት መቶ ልጅ ድንች ስትቀቅልና ዓሣ ስትጠብስ ጡረታዋ ደረሰ። ባሏ ቤርቲል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ አልወለዱም። እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ያገለገለ የእንጨት መሸመኛ ገዝታ ሳሎኗ መሃል ተከለች፤ ከአሮጌ ልብስ የወለል ምንጣፍ ትሠራበት ጀመር። ሰው የሞተባቸውና ልብሱን መጣል ያቃታቸው ሰዎች በከረጢት ይዘውላት ይመጣሉ፤ እሷ በቀጭኑ ሸርክታ፣ የአባታቸውን ሸሚዝና የእናታቸውን ቀሚስ ምንጣፍ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ክፍያውን ስታነሳ የምታፍር ሴት ነበረች።

አንድ እንከን ነበረባት፤ ትዘገያለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሁለት ደቂቃ የዘገየ ሹፌር ሃምሳ ሰው እንደሚሰድበው የሚያውቅ ሰው፣ ጡረታ ወጣ ተብሎ ሰዓት ማየት አይተውም። እንግዲህ ጡረታ ስወጣ የምጠብቀው መስመር አጣሁና የልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ጠባቂ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም። ምድር ቤት ያለው ማጠቢያ ክፍል የአሥራ ስምንት ቤት የጋራ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ትንሽ ቁልፍ በሚፈልገው ቀንና ሰዓት ላይ ይሰካል። ተራህ ደርሶ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ማሽኑ የማንም ነው። ደንቡ ይኸው ነው፤ እኔ ደንቡን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ የምለጥፍ ሰውዬ ነኝ። ስሜን አልፈርምም፤ ግን ሁሉም የእጅ ጽሑፌን ያውቀዋል።

በዚያ ኅዳር ሶልቬይ ለተራዋ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ዘግይታ መጣች። ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ እኔ የማጥበው ልብስ እንኳ አልነበረኝም። ወጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሰው ተራ የማያከብር ሰውን አያከብርም። ሦስተኛ ፎቅን ይመለከታል።» በእኛ መግቢያ በኩል ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው እሷ ብቻ ናት። ለጥፌው ደረጃውን ስወጣ አንድ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ከገና በፊት ካሉት አራት እሁዶች ሁለተኛዋ መጣች፤ በየእሁዱ አንድ ሻማ ስለሚጨመር ሁለት ሻማ የሚበራባት። ሶልቬይ ተራዋን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይዛ ነበር። በዚያ ወር ያን ጊዜ ገና ጨለማ ነው። ተነስታ ሁለቱን ሻማ ለኮሰች፤ መቅረዙን ዙሪያውን በደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ አስጊጣው ነበር። ዳቦዋን በልታ፣ ሻማዎቹን እያየች፣ እንደልማዷ ጊዜው አመለጣት። ቀና ስትል ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። የእኔ ወረቀት ትዝ አላት፤ ቅርጫቷን አንስታ እየሮጠች ወረደች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልተረፋትም።

እኔ ታች ነበርኩ። የማድረቂያውን ወንፊት አጸዳለሁ ብዬ ወርጄ ነው፤ እውነቱን ካወራን ግን ትዘገይ እንደሆነ ለማየት ነው የወረድኩት። ስትገባ እያለከለከች ነበር። «ሁለት ደቂቃ ቀርቶሽ ነበር» አልኳት። «ወረቀትህን አንብቤዋለሁ፣ ሩኔ» አለችኝና ልብሷን ማሽኑ ውስጥ መክተት ጀመረች። ያኔ ዝም ብዬ ብወጣ ኖሮ እሷም ወዲያው ትመለስ ነበር። እኔ ግን ስለ ወንፊቱ አነሳሁ፤ ብናኝ ስለሚጠራቀምበት፣ ሰው ተጠቅሞ ስለማያጸዳው፣ ድሮ እንዲህ እንዳልነበረ። እሷም ሰው እያወራ ጥሎ መሄድ የማይሆንላት ሴት ናትና ቆማ ሰማችኝ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ምናልባት ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነበርን።

ደረጃውን ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጭሱ ተቀበለን። ልታልፍ ፈለገች፤ ክንዷን ይዤ አስቀረኋት። አልጮኸችም፤ «መሸመኛው፣ መሸመኛው» ብቻ ትላለች። የእሳት አደጋ መኪናው ለመድረስ አልዘገየም፤ ግን የዓመታት ደረቅ እንጨትና አንድ ክፍል ሙሉ የተሸረከተ ጨርቅ እስኪደርሱ አልጠበቀም። ሁላችንም ውጭ በረዶ ላይ ቆመን የሳሎኗ መስኮት ሲፈነዳ አየን። ጎረቤቶቹ በየተራ እየመጡ ትከሻዋን ይነካሉ።

ሰው አልተጎዳም። እሳቱ የእሷን ቤት በላ፤ የእሳት አደጋ ሰዎቹ የረጩት ውሃ ደግሞ በኮርኒሴ ወርዶ የእኔን ቤት ጨረሰው። አልጋዬ፣ ሶፋዬ፣ ቁም ሣጥኔ፣ ሁሉም ጥቁር ውሃ ጠጥቶ አበጠ። ከሰዓት በኋላ የአከራይ ድርጅቱ ሰው መጥቶ ሰበሰበንና ነገሩን ግልጽ አደረገው። ሕንጻው ኢንሹራንስ አለው፤ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ቧንቧውን እነሱ ያድሳሉ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ዕቃ ግን የተከራዩ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ኢንሹራንስ ይጥራ። «ሁላችሁም አላችሁ አይደል?» ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፤ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

የእኔ የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ከሠራተኛ ማኅበሩ አባልነት ጋር የመጣ ነው። እኛ ሹፌሮች መዋጮ እንከፍላለን፣ ኢንሹራንሱ በውስጡ አለ፤ ለብቻው ደረሰኝ ስለማይመጣ ሰው መኖሩን እንኳ ይረሳዋል። እኔ ደግሞ ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር በሥራ ፈረቃ ተጣላሁ። ቀላል ጠብ አልነበረም። የአባልነት ካርዴን በመቀስ አራት ቦታ ቆርጬ በፖስታ ላኩለት፤ ለዓመታት ይህን ታሪክ ለሰው ሁሉ እየሳቅኩ አወራሁት። በማግስቱ ስልክ ስደውል አንዲት ትሑት ልጅ፣ ካርዱን ከላክሁበት ቀን ጀምሮ ኢንሹራንሱም እንደቆመ ነገረችኝ። ሦስት ማስታወቂያ ደብዳቤ ልከውልኝ ነበር። እኔ ከተጣላሁት ሰው የመጣ ደብዳቤ አልከፍትም። እነዚያን ደብዳቤዎች ሳልከፍት የጣልኩበት ቅርጫት እስከዛሬ ይታየኛል።

ለማንም አልተናገርኩም። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜ፣ ሰው ፊት ቆሞ «በገዛ እልኬ ባዶዬን ቀረሁ» ማለት ከባድ ነው። ሶልቬይን ኢንሹራንሷ ሆቴል አስገባት። የት እንዳረፍኩ ስትጠይቀኝ እኔም ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ሆቴል ነኝ አልኳት። እውነቱ ግን በእህቴ ልጅ በዮርገን ምድር ቤት ውስጥ፣ በበረዶ መንሸራተቻዎቹና በልጆቹ ብስክሌት መካከል ፍራሽ አንጥፌ ነበር የምተኛው። ዮርገን ጥሩ ልጅ ነው። ሚስቱ ግን በየማለዳው ስታየኝ የምትለውን ታጣ ነበር።

ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። የኢንሹራንሱ ድርጅት የተቃጠለውን ዕቃ ሁሉ፣ ክፍል በክፍል፣ መሳቢያ በመሳቢያ፣ መቼ እንደተገዛና ስንት እንደነበር ጽፋ እንድታቀርብ ፈለገ። የሶልቬይ እጅ በሽመናውና በዕድሜው ይንቀጠቀጣል፤ «አንተ ጽሕፈትህ ያምራል» ብላ እንድረዳት ጠየቀችኝ። የቱን ጽሕፈቴን እንደምታውቅ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሷ ግን በአሽሙር አላለችውም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ እየተገናኘን እሷ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ይህ ሥራ ሰውን እንዴት እንደሚያደክም ያላየው አያውቀውም። የወጥ ቤቱን መሳቢያ በሐሳቧ ትከፍታለች፤ ሹካ ስምንት፣ አይደለም ሰባት፣ አንዱን ቤርቲል ለሽርሽር ወስዶ ጥሎታል። የሰርጓ የጠረጴዛ ልብስ። የፋብሪካው ሴቶች ሲሰናበቱ የሰጧት መቀስ። እያንዳንዱን ዕቃ ካገኘችው በኋላ መቃጠሉ እንደገና ትዝ ይላታል። አንድ ቀን የመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ደረስን። የቤርቲልን ልብስ ሁሉ ምንጣፍ አድርጋዋለች፤ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ብቻ መቅደድ አቅቷት አስቀርታ ነበር። ስንት ብዬ ልጻፍ አልኳት። «ዜሮ ብለህ ጻፍ፤ እነሱ ከዚያ በላይ አይሰጡም» አለች። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ፤ ያን ቀን ከዚያ በላይ መሥራት አልቻልንም።

የቅጹ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረች፤ እሳቱ ሲነሳ የት ነበርሽ የምትል። የውሉን ወረቀቶች አምጥታልኝ ስለነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤያቸዋለሁ፤ የራሴን ያላነበብኩ ሰውዬ የሰው ማንበብ ላይ በረታሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የሚነድ ሻማ ትቶ ከቤት የወጣ ሰው ካሳው ይቀነስበታል ይላል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የኢንሹራንሱ ባለቤት በራሱ ቸልተኝነት የሌላ ሰው ንብረት ካጠፋ፣ ለዚያ ሰው ድርጅቱ ይከፍላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሶልቬይ እውነቱን ከተናገረች የእሷ ይቀነሳል፣ የእኔ አልጋና ሶፋ ይከፈላል። ቤት ነበርኩ ካለች እሷ ሙሉውን ታገኛለች፣ እኔ ፍራሼ ላይ እቀራለሁ። ሌላ መንገድ የለም። አሰብኩበት፤ አልዋሽም፣ አንድ ሌሊት ተገላበጥኩበት። ግን ያቺን ሴት ከሻማዋ ፊት ያስነሳት ማን ነው? ታች ያቆማትስ? በማግስቱ ዘጠነኛውን ገጽ ሳላነሳ፣ «እዚያው ቤቴ፣ መታጠቢያ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ በይ፤ ማን አየሽ? እኔ ብቻ ነኝ ያየሁሽ» አልኳት። «ይሆናል» አለች። ሶልቬይ «ይሆናል» ስትል እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልገባኝም። ጥያቄውን ክፍት ተውነው።

ገና አለፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን ስጽፍ ጠጋ ብላ አሸተተችኝ። ካፖርቴ እሳቱ የተነሳ ቀን የለበስኩት ነው፤ ጭሱ ከውስጡ አልወጣም። «ሩኔ፣ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ካፖርት ይገዛል» አለች። ይህን ካፖርት እወደዋለሁ አልኳት። ለካ እኔ ከሄድኩ በኋላ ጣቢያው አጠገብ ያለው ሆቴል ደውላ በስሜ የተመዘገበ እንግዳ መኖሩን ጠይቃለች። በሦስተኛው ቀን የዮርገን ምድር ቤት በር ተንኳኳ፤ ስከፍተው እሷ ነች፤ የእህቴ ልጅ እዚህ እንደሚኖር ታውቃለች። ፍራሹን አየች፣ ብስክሌቶቹን አየች፣ ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ካልሲ አየች። የምገባበት ጠፋኝ።

«ኢንሹራንስህ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ።

«ሰባት ዓመት።»

«ደብዳቤ አልላኩልህም?»

«ልከዋል» አልኳት።

ዕቃ መያዣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ድካም ሲበዛ የሚመጣ፣ እንባ የቀላቀለ ሳቅ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ ካርዱን በመቀስ መቁረጤን ስነግራት ጭራሽ ጎኗን ያዘች። ከዚያ ተነሳችና የውሉን ወረቀቶች እንድመልስላት ጠየቀችኝ። አንድ ሁለት ነገር ልይበት ብላ ነው። ሰጠኋት፤ ቀስ ብላ ብታነብም አንዲት መስመር የማትዘል ሴት መሆኗን ያን ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ።

ጥር አጋማሽ ላይ ከድርጅቱ ቀጠሮ መጣ። የምትመረምረን ፔትራ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች፤ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ጠረጴዛዋ ላይ የሰው ቤት ቃጠሎ በክምር ተቀምጧል። እኔ የሄድኩት ምስክር ሆኜ ነው። መጀመሪያ እኔን ጠየቀችኝ። ያጠናሁትን ተናገርኩ፤ እኔ ታች ማጠቢያ ክፍል ነበርኩ፣ ሶልቬይ ቤቷ ነበረች፣ ስትጮህ ከላይ ሰማኋት። ልጅቷ ጻፈች። ዋሽቼ ስጨርስ ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚጠቅም ነገር ያደረግኩ መሰለኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን ከዚያ ክፍል እንኳ አልወጣም።

«ሩኔ የሚለው ውሸት ነው» አለች ሶልቬይ። ድምጿን አላነሳችም። «ታች ነበርኩ፤ ከእሱ ጋር። ሁለት ሻማ አብርቼ ትቼ ወረድኩ። ከበታቼ ያለውን ቤቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ኢንሹራንስ የለውም። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ያለውን አንብቤዋለሁ፤ እንደዚያው ይደረግልኝ።»

ፔትራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሶልቬይ ይህን ካለች የራሷ ካሳ እንደሚቀነስ፣ የተቀነሰው ደግሞ በኋላ እንደማይመለስ በደንብ አስረዳቻት። ሶልቬይ ገብቶኛል አለች። እኔ አላስችል አለኝ፤ እሷን ያስሮጣት የእኔ ወረቀት ነው፣ ታችም ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ መቀነስ ካለበት ከእኔ ቀንሱ አልኩ። ልጅቷ ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ ይህ የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለው በትሕትና ነገረችኝ። ስለ ዋሸሁት ግን ምንም አላለችም፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ ቀድዳ ጣለችው።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ ቆሽቴ አርሮ ነበር። ምን ሆነሻል፣ እኔ ተስማምቼ የተውኩትን ነገር ለምን ቆፍረሽ ታወጪዋለሽ ብዬ ተቆጣኋት። ካፖርቷን ቀስ ብላ እየቆለፈች ሰማችኝ። «ደክሞኛል፣ ሩኔ» አለች። «ውሸት ማስታወስ ለወጣት ነው። አንተ ፍራሽ ላይ መሆንህን እያወቅኩ አዲስ ሶፋ ላይ ብቀመጥ የሚመቸኝ ይመስልሃል?» አብረን አውቶቡስ ይዘን ተመለስን።

የካቲት ላይ ውሳኔው ደረሰ። ከእሷ ሩቡን ቀነሱባት። የቀረውም ቢሆን ዕቃው አሮጌ ነው ተብሎ ብዙ ወረደ፤ በገዛ እጇ የሸመነቻቸው ምንጣፎች ደግሞ ከቡትቶ የተሠሩ ስለሆኑ ዋጋ የላቸውም ተባሉ። ለአልጋና ለጠረጴዛ ይበቃል፤ ለመሸመኛ አይበቃም። ቤቷም እስከ መስከረም አይደርስም ተባለ። ሩቅ ሰሜን፣ ሱንድስቫል ከተማ ያለችው ታናሽ እህቷ ትርፍ ክፍል አለኝ፣ ነይ አለቻት። ሶልቬይ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከባዶ ግድግዳ እንደገና መጀመር አልችልም አለችኝ፤ አቅም ማጣቷ እንጂ ቂም እንዳይመስለኝም አስጠነቀቀችኝ።

የእኔ ተከፈለ። ከገመትኩት በላይ ነው የተከፈለው።

የምትሄድ ዕለት ባቡር ጣቢያ ሸኘኋት። አንዲት ሻንጣ ብቻ ነበረቻት፤ እሷም አዲስ ስለሆነች የሌላ ሰው ሻንጣ ትመስላለች። ፖስታ አውጥቼ እጇ ላይ ላደርግ ሞከርኩ፤ ከደረሰኝ ግማሹን አውጥቼ ነበር። በዚህ መሸመኛ ግዢ፣ ወይም እዚሁ ቅሪ፣ ቤትሽ እስኪደርስ ሚያዝያ ላይ ከሚያልቀው ቤቴ ትንሿን ክፍል ውሰጂ አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ብዬ አላውቅም። ፖስታውን ሳትከፍት መልሳ ኪሴ ውስጥ ከተተችው።

«አንተ ሰው የሰጠህን ተቀብለህ አታውቅም» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ብለህ ተቀበል።»

ባቡሩ በሰዓቱ መጣ፤ በሰዓቱም ሄደ።

ሚያዝያ ላይ ቤቴ ገባሁ። ከላዬ ያለውም ቤት በመስከረም ሲጠናቀቅ ሁለት ተማሪዎች ተከራዩት፤ ጥሩ ልጆች ናቸው። ወረቀት መለጠፍ ትቻለሁ፤ ኢንሹራንስም ገብቻለሁ፤ ደብዳቤ ሲመጣ እዚያው በሩ ላይ እከፍተዋለሁ። አልጋዬ አዲስ ነው፣ ሶፋዬ አዲስ ነው፣ ማንኪያዎቼ ያብረቀርቃሉ። አንዱንም ስነካ አፍራለሁ። ሶልቬይ አንድ ቃል ዋሽታ ቢሆን ኖሮ ካሳዋ ሙሉ ይሆን ነበር፣ እኔም ፍራሼ ላይ እቀር ነበር፤ አሁን እሷ ሱንድስቫል በእህቷ ቤት፣ በእንግዳ አልጋ ላይ ትተኛለች።